ደርሶ መልስ ያልሆነው ትኬት

ኅዳር 12

«ሟች በዚህ አገር ዋናና ቋሚ መኖሪያ አልነበራቸውም። ያለ ኪራይ ያስጠጓቸው ዘመድ ራሳቸው፣ ‹እንግዳችን ነበረች፤ ቤቷማ አገሯ ነው› ሲሉ በፊርማቸው አረጋግጠዋል። በመሆኑም ይህ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን ስለሌለው ክሱ እንዲዘጋልን እንጠይቃለን።»

ለተከበሩ የአጎቴ ልጅ፤

ሰላምታዬን ከጥቅሱ በታች ያወረድኩት ረስቼው አይደለም። እርስዎም እንደኔ ሰላም ከመባልዎ በፊት እንዲያነቡት ብዬ ነው። አሁን ካነበቡት፣ እንደምን ሰነበቱ? ባለቤትዎና ልጆችዎ ደኅና ናቸው? እናቴ ደኅና ናት። ፈጣሪ ጤናዎን ይጠብቅልን፤ ለዚህ ጉዳይ በጤና ያስፈልጉናል።

ከላይ የገለበጥኩት የአየር መንገዱ ጠበቆች እናንተ ዘንድ ላለው ፍርድ ቤት ያስገቡት መቃወሚያ ነው። ለእኅቴ ጉዳይ የቆመችልን ጠበቃ ትናንት ላከችልኝ። «ዘመድ» የተባሉት እርስዎ ነዎት። ፊርማውን አየሁት። ጅራቱን ወደ ላይ የሚያጥፈው፣ ከተማሪ ቤት ጀምሮ የማውቀው ፊርማ ነው።

እኅቴ ትንሿ እርስዎ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ኖራለች። ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት የተማረችው እዚያ ነው፤ ሥራ የያዘችው እዚያ ነው፤ ዓይኗ ደክሞ መነጽር ያደረገችው እዚያ ነው። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። በአሥራ አንደኛው ዓመት ምን እንደሚሆን የሚናገር ተረት ግን አላውቅም።

ፊርማዎ ምን እንዳደረገ ልንገርዎ። በአውሮፕላኑ አደጋ አብረዋት የሞቱት ሰዎች ቤተሰቦች እዚያ ከስሰው ጉዳያቸው እየታየላቸው ነው፤ ሟቾቻቸው እዚያ ነዋሪ ነበሩና። እኛ ግን በገዛ ሰዋችን ምስክርነት ከደጅ ልንመለስ ነው። ጠላት ያላገኘብንን ማስረጃ ከቤታችን አውጥተን ሰጠነው።

ሦስት ነገር በጽሑፍ እንዲመልሱልኝ እጠይቃለሁ። ማን መጣ? ምን ጠየቀዎት? ለምን ፈረሙ? ስልክ አይደውሉ። ስልኩ ያለው እናቴ ክፍል ነው፤ ደግሞም በስልክ የተባለ ነገር ለዳኛ አይነበብም።

የአክስትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 23

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ፣ ለግራም፤

እንደምን አለህልኝ? አክስቴስ እንዴት ናት? ጠዋት ማታ ከሐሳቤ አትወጡም፤ ዕድሜና ጤና አይንሳችሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ሠላሳ ዓመት በሊፍት ጉድጓድ ውስጥ መሰላል ሲወጣና ሲወርድ ኖሮ ዛሬ ቢያማርር አልፈርድበትም።

መልሴ የዘገየው እየጀመርኩ እየቀደድኩት ነው። «እርስዎ» አልከኝ። በአንድ ብርድ ልብስ ስንጓተት ያደግን ሰዎች ነን፤ ተው እንጂ። ባለቤቴ ደብዳቤህን አነበበችና፣ «ይሄ የዘመድ ደብዳቤ ነው ወይስ የግብር መሥሪያ ቤት?» አለችኝ። «የሚዛን መርማሪ ደብዳቤ ነው» አልኳት። «የገበያው ነጋዴ ሁሉ ግራም የሚለው እኮ ወዶ አይደለም። ዛሬ ተራው የኔ ሆነና ሚዛን ላይ አወጣኝ።»

ሰውየው የመጣው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ። ጥቁር ነው የለበሰው። ከአየር መንገዱ ነኝ፣ ለሐዘናችሁ ሐዘኔን ልገልጽ ነው አለ። ሐዘን ሊደርስ የመጣን ሰው በር ላይ አቁሜ መታወቂያ ልጠይቀው? አስገባሁት፤ ተቀመጠ። ክፍሏን ማየት ይቻላል ወይ አለ። አሳየሁት። ሻንጣዋ ግድግዳውን ተደግፎ እንደቆመ ነው፤ ታውቃለህ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዕቃዋን ሁሉ ቁም ሣጥን ውስጥ አላስገባችም። «ልሄድ ነው እኮ» ነበር ወሬዋ። እኔም፣ «ሻንጣሽ ከኔ በፊት ጡረታ ወጣ» እላት ነበር። ላዩ ላይ መብራት አስቀምጣ ታነብበት ነበር።

ከዚያ ሰውየው፣ «ኪራይ ትከፍል ነበር?» አለኝ።

«ምን ቆርጦኝ» አልኩት።

«ታዲያ እዚህ ቤት ምን ነበረች?»

«እንግዳችን ነበረች። ቤቷማ አገሯ ነው። እናቷ አለች፣ ወንድሟ አለ።»

እሱ ጻፈ። መልሶ አነበበልኝ። አንድ ቃል አልጨመረም፣ አንድ ቃል አላጎደለም፤ ያልኩትን ነው የጻፈው። ፈረምኩ። እኔኮ የመሰለኝ ከሥጋ ዘመዴ ገንዘብ የምቀበል ሰው መሆን አለመሆኔን የሚጠይቀኝ ነው። ‹ተከራያችን ነበረች› ብል አንተ ራስህ ምን ትለኝ ነበር? አክስቴስ በየት በኩል ታየኝ ነበር? ሌላ አገር እንግዳ ማለት ሳምንት አድሮ የሚሄድ ነው አሉ። እኔ የማውቀው እንግዳ ያልከፈለና የተከበረ ነው።

በድያለሁ ካልክ በድያለሁ። እንዴት እንደሚስተካከል ንገረኝ። የአክስቴ ጥርስስ እንዴት ሆነላት?

ያንተው የአጎትህ ልጅ


ጥር 6

ለአጎቴ ልጅ፤

ሰላም ለቤትህ ይሁን፤ ጉልበትህንም ይማርልህ። «እርስዎ»ን ትቼልሃለሁ። ቁጣዬን ግን አልተውኩም። ሰውየው ሐዘን ሊደርስ አልመጣም፤ ሊለካ ነው የመጣው። እኔ ሰው ሱቅ ገብቼ ሚዛን ስመረምር ባርኔጣ አላወልቅም፤ መታወቂያዬን ነው የማሳየው። ልዩነቱ ይኸው ነው።

አሁን በደንብ አንብበኝ፤ ሁለት ጊዜ አልጽፈውም። ሰው በውጭ አገር ጉዞ በአውሮፕላን ሲሞት ቤተሰቡ አየር መንገዱን የት መክሰስ እንደሚችል አገሮች የተፈራረሙበት ውል ይወስናል። አምስት በር አለው፤ ስድስተኛ የለውም። አንደኛው አየር መንገዱ የተመዘገበበት አገር ነው። ሁለተኛው ዋና ሥራውን የሚመራበት አገር ነው። ሁለቱም ለኛ አንድ ናቸው፤ የአየር መንገዱ የራሱ አገር፣ የአየር መንገዱ ባለቤትም የዚያው አገር መንግሥት። እዚያ መክሰስ ማለት በሬህን የሰረቀህን ሰው አባቱ ዘንድ ሄዶ አቤት ማለት ነው። ሦስተኛው ትኬቱ የተሸጠበት ቢሮ ያለበት አገር ነው። ትንሿ በኢንተርኔት ከዋናው መሥሪያ ቤት ስለገዛች ይሄም ወደዚያው ይመልሰናል። አራተኛው የጉዞው መድረሻ ነው፤ እዚህ፣ እኛ ዘንድ ማለት ነው። አምስተኛው ሟች ዋናና ቋሚ መኖሪያ የነበራት አገር ነው፣ አየር መንገዱ እዚያ የሚበርና ቢሮ ያለው ከሆነ። ያ የናንተ ነው።

አውሮፕላኑ የወደቀበት አገር ከአምስቱ ውስጥ የለም። እኅቴ የወደቀችበት ማሳ ባለቤት ስለሰብሉ መክሰስ ይችል ይሆናል፤ እኔ ግን እዚያ ቆሜ ስለ እኅቴ መናገር አልችልም። ሕጉ እንዲህ ነው። ሳነበው አንድ ጊዜ መጽሐፉን ዘግቼ ውጭ ወጥቼ ተመልሻለሁ።

«እዚህስ ለምን አትከስም?» ትለኝ ይሆናል። ገበያው ጀርባ ቢሮ ያለው ጠበቃም እንዲሁ ብሎኛል። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ።

«ምን አስቸገረዎት? እዚሁ ይክሰሱ። ዳኛው ካሳውን ይወስናል፣ ፋይሉ ይዘጋል።»

«የጥገና መዝገባቸውን ያስቀርባሉ?»

«ከሰው አገር? በምን ጉልበት? ደብዳቤ ይጻፋል። መልስ አይመጣም። ይዘጋል።»

«መዘጋቱን አይደለም የምፈልገው።»

«እንግዲያው እርስዎ የሚፈልጉት ገንዘብ ሳይሆን ጠብ ነው።»

እኔ የምፈልገው አንድ ጥያቄ እንዲመለስልኝ ነው። ከአደጋው ሁለት በረራ በፊት አንድ አብራሪ «መሪው ይከብዳል» ብሎ ጽፎ እንደነበር ጋዜጣ ላይ ወጥቷል። ይህን አንብቦ «ይብረር» ብሎ የፈረመው ማን ነው? ምን አይቶ ፈረመ? እናንተ ዘንድ ያለው ፍርድ ቤት ‹አምጡ› ሲል ያመጣሉ። ሰውየውን ወንበር ላይ አስቀምጠው ይጠይቁታል። ሌላ ምንም አልፈልግም።

በሁለቱም ቦታ እንክሰስ ብዬ ጠበቃችንን ጠይቄያት ነበር። እዚህ ከከሰስን፣ ቤቷ እዚህ መሆኑን ራሳችን አምነናል ይሉናል አለች። ስለዚህ መምረጥ አለብን። እዚያ ከተባረርን ደግሞ እዚህ ለመክሰስ ያለን ጊዜ ከአደጋው ሁለት ዓመት፣ ማለት እስከ ሰኔ 11 ብቻ ነው።

ከዚህ ጋር ጠበቃዋ ያዘጋጀችውን አዲስ የምስክርነት ቃል ልኬልሃለሁ። ሁለት አንቀጽ አለው። የመጀመሪያው ትንሿ እዚያ ነዋሪ እንደነበረች ይናገራል። ሁለተኛው ወደዚህ የመጣችው ለሦስት ሳምንት እንደነበረና ልትመለስ እንደነበር ይናገራል። ይህን አንተም ታውቃለህ። ስልክ ደውላ፣ «መጥቼ የእማማን ጥርስ እሠራለሁ» ነው ያለችኝ። ከዚህ በፊት የመጣች ጊዜ የቆየችው ሦስት ሳምንት ነው፤ የአሁኑም ያው ነው።

ስለ ጥርሱ ለጠየቅከው፣ እናቴ አሁንም የድሮውን በእጇ ደግፋ ነው የምትበላው። ሐኪም ዘንድ ልውሰድሽ ስላት፣ «የኔን አፍ የምታውቀው ትንሿ ናት» ትላለች። 

ፈርመህ ቶሎ ላክ።

የአክስትህ ልጅ


የካቲት 27

ይድረስ ለግራም፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ ተመስገን ነው። የመጨረሻዋ ልጄ ፈተና ላይ ስለሆነች ቤቱ ውስጥ በእግር ጣት ነው የምንሄደው። ሰሞኑን የአንድ ሆስፒታል ሊፍት እየቆመ አስቸግሮን ደብዳቤ ለመጻፍ ጊዜ አጣሁ።

የመጀመሪያውን አንቀጽ ፈርሜ ለጠበቃዋ ልኬላታለሁ። ከተጻፈውም በላይ ጨምሬበታለሁ። ከክሊኒኩ ምድር ቤት ያለው የሥራ ቦታዋ፣ መስኮት አጠገብ ያለው ወንበሯ፤ ሁሌ የምትሄድበት የመነጽር ሐኪም፤ የጀሶ አቧራ ፀጉሯ ላይ ይዛ ስትመጣ ጎረቤት «ዱቄት ቤት ነው የምትሠራው?» ብሎ የጠየቀን፤ በፎቁ ላይ ያሉ አሮጊቶች ጥርሳቸው ሲላላ በሌሊት ልብሳቸው በራችንን የሚያንኳኩ። አንዷ እስከ ዛሬ መሞቷን አላመነችም፤ «ስትመለስ ንገሩኝ» ትላለች። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እንግዳ ያልኩትም እውነት ነው። ሁለቱ እንዴት እንደሚጣሉ ጠበቆች ይወቁት።

ሁለተኛውን አንቀጽ ለጊዜው አቆይቼዋለሁ።

አክስቴን ሳምልኝ። ቁጣውን ቀንስ፤ ደም ግፊት ያለብህ ሰው ነህ።

የአጎትህ ልጅ


መጋቢት 16

ለአጎቴ ልጅ፤

ሰላም እልሃለሁ። ደም ግፊቴን አንተ አትጠብቅልኝም፤ አንተው ነህ የምታወጣው።

«ለጊዜው አቆይቼዋለሁ» ምን ማለት ነው? ጊዜ ያለን መሰለህ? አንተ ስታቆይ እነሱ አልቆዩም። የአየር መንገዱ ጠበቆች ትኬቷን ለፍርድ ቤቱ አቅርበዋል። ትኬቱ ደርሶ መልስ አይደለም። መሄጃ ብቻ ነው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ጠበቃዋ ስትነግረኝ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ አየሁት። ደርሶ መልስ ቢሆን ኖሮ ሕጉ መድረሻ ብሎ የሚቆጥረው ጉዞው የተጀመረበትን ቦታ ነበር፤ ዞሮ የሚገባው እዚያ ነውና። አራተኛው በር ራሱ እናንተ ዘንድ ይከፈትልን ነበር። ያንተ ምስክርነትም፣ እንግዳ ናት አይደለችም የሚለው ጭቅጭቅም አያስፈልግም ነበር። አሁን ግን መድረሻዋ እዚህ ነው። የቀረን አምስተኛው በር ብቻ ነው። እሱንም ‹መመለሻ ያልገዛ ሰው ሊቀር የሄደ ነው› ብለው ሊዘጉት ነው።

መልሱ ቀላል ነው። የመመለሻውን ትኬት እዚህ ልትገዛው ነበር፤ ከዚህ ሲገዛ ይረክሳል። ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል። አንተ ማድረግ ያለብህ ይህችን መፈረም ብቻ ነው፦ «ሟች ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ መኖሪያዋ እንደምትመለስ ነግራኛለች።» አንዲት መስመር ናት። እንግዳችን ነበረች ለማለት የተጠየቅከውን ያህል እንኳ ቀለም አትፈጅም።

ይህችን መስመር እኔ ለጠበቃዋ በጽሑፍ አረጋግጬላታለሁ። እሷም ለፍርድ ቤቱ ልታቀርበው ያንተን ፊርማ ትጠብቃለች። አብራህ የኖረችው አንተ ነህ፤ አንተ ዝም ባልክ ቁጥር የኔ ቃል አየር ላይ ይንጠለጠላል።

እውነቱን ልንገርህ? ጥርጣሬ ገብቶኛል። የማያውቁት ሰው ባርኔጣውን ስላወለቀ ብቻ በደቂቃ ፈረምክለት። የገዛ ዘመድህ ወራት ሙሉ ለምኖህ እጅህ አልታዘዝ አለ። ወይስ ባለ ባርኔጣው ተመልሶ መጥቷል? ምን ይዞ መጣ?

ፈርም። ሌላ አልልም።

የአክስትህ ልጅ


ሚያዝያ 21

ለአክስቴ ልጅ፤

ሰላም ላንተና ለአክስቴ ይሁን።

የመጨረሻውን ጥያቄህን ለባለቤቴ አላሳየኋትም። ብታነበው ቤቴ ስምህ አይነሣም ነበር። እኔ ግን ወንድሜ ነህና ስድብህን ከሐዘንህ ጋር አብሬ መዝኜዋለሁ፤ ሐዘኑ ከብዷል። ስለዚህ አልመልስበትም።

ሌላውን ግን እመልሳለሁ። እኔ የሊፍት ጠጋኝ ነኝ። ሥራዬን ስጨርስ በሩ ውስጥ በተለጠፈው ወረቀት ላይ እፈርማለሁ። ገመዱን በእጄ ዳስሼ፣ ፍሬኑን ሞክሬ፣ ራሴ ገብቼበት ወጥቼ ወርጄ ነው የምፈርመው። ከዚያ በኋላ የሰው ልጅ ሕፃኑን አቅፎ ይገባበታል፤ ማን እንደፈረመ አያነብም። አንተስ ያልሞከርከውን ሚዛን ማኅተም ትመታበታለህ? ያንን «ይብረር» ብሎ የፈረመውን ሰውዬ የምትፈልገው ለምንድን ነው? ሳያይ ፈርሟል ብለህ አይደለም?

‹ልመለስ ነው› ብላ አልነገረችኝም። ስለዚህ አልፈርምም። በቃ።

«ታዲያ ምን ነገረችህ?» ትለኛለህ። እዚህ ላይ አደራ አለብኝ። አደራ ያለችኝ ሰው በሕይወት ብትኖር ደውዬ ‹አንሺልኝ› እላት ነበር። ወንድምሽን አንቺው ንገሪው እላት ነበር። አሁን ማንን ልጠይቅ? አንተ ክሱን በዚያች መስመር ላይ አቁመሃታል። እኔ ብናገር አፈርሰዋለሁ፤ ዝም ብል አንተ ጉቦ በላ ትለኛለህ። ከሁለቱ ስድቡን መረጥኩ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። በመርከብ የመጣ ዕቃ አለ የሚል ማስታወቂያ ደርሶህ ያውቃል? እስካሁን ምንም ስላላነሣህ ጠፍቷል ብዬ ነበር። የተላከው በትንሿ በራሷ ስም ነው፤ ተቀባይ አጥቶ እንዳይቀር ፈርቻለሁ። ጉምሩክ ሄደህ ጠይቅ። ከተገኘም አክስቴ በሌለችበት ክፈተው።

ፈጣሪ ልቦናችንን ያረጋጋልን።

የአጎትህ ልጅ


ግንቦት 9

ለአጎቴ ልጅ፤

ሰላም ላንተ፣ ለባለቤትህና ለልጆችህ። የልጅህ ፈተና እንዴት ሆነ? ስለ ባለ ባርኔጣው የጻፍኩትን አንስቻለሁ። ይቅር በለኝ። የቀረውን አላነሣሁም።

ዕቃው አልጠፋም። ተረካቢ የሌለው ተብሎ ለሐራጅ ከተለዩ ዕቃዎች ጋር መጋዘን ጥግ ተቀምጦ ነበር። የጉምሩኩ ሠራተኛ ወረቀቱን እያገላበጠ፣ «ላኪዋም ተቀባይዋም አንድ ሰው ናቸው፤ ራሷ ለምን አልመጣችም?» አለኝ። ነገርኩት። ከዚያ በኋላ አንድም ጥያቄ ሳይጨምር ማኅተሙን መታልኝ፤ ሣጥኑን መኪና ላይ ያወጣውም እሱ ነው።

እንደነገርከኝ እናቴ ጎረቤት ስትሄድ ጠብቄ ከፈትኩት። ሣጥኑ በሚስማር አልተመታም፤ በብሎን ነው የታሠረው። የማን ሥራ እንደሆነ ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ከላይ የሥራ ሽርጧ አለ፣ ኪሱ ውስጥ ጀሶ የደረቀበት። ሥሩ የጠረጴዛ መብራቷ፣ መሞረጃዎቿ፣ ትንንሽ ብሩሾቿ በጨርቅ ተጠቅልለው። ከዚያ ሥር ጥርስ የሚጋገርበት የኤሌክትሪክ ምድጃ። መሬት ላይ አውጥቼ አስቀመጥኩትና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ለሦስት ሳምንት የሚመጣ ሰው ምድጃውን በመርከብ አይልክም። የአንዲት እናት ጥርስ ለመሥራት የሚመጣ ሰውም አይልክም።

እንደዚያም ሆኖ ራሴን ለማታለል ሞክሬ ነበር። ‹ልትሸጠው ይሆናል› አልኩ። ‹ለሆነ ክሊኒክ ልትሰጠው ይሆናል› አልኩ። ከዚያ ገመዱን ፈትቼ ስፒናውን አየሁት። የናንተ አገር ስፒና ተቆርጦ ወጥቶ የኛ ግድግዳ ላይ የሚሰካው ገብቶበታል። መገናኛው ላይ ናስትሮ ተጠምጥሟል፤ ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ በክር ታሥሯል። በዓለም ላይ ናስትሮን በክር የሚያሥር አንድ ሰው ነው የማውቀው። የአባትህን ሬዲዮ ገመድ እንዲሁ አድርገህ ስታሥር፣ «ናስትሮ ያታልላል፣ ክር አያታልልም» ብለኸኝ ነበር። አሥራ ሦስት ዓመትህ ነበር።

ስለዚህ ታውቅ ነበር። ሠራኸው፣ አሸግከው፣ መርከብ ላይ ጫንከው። ከዚያ እኔ ‹ሦስት ሳምንት› እያልኩ ደብዳቤ ስጽፍልህ፣ ለጠበቃዋ ሳረጋግጥ፣ አንተን ስሰድብ፣ ቁጭ ብለህ አነበብክ። ሊፍት ውስጥ ገብቶ ለተቀረቀረ ሰው እኮ ከውጭ ሆነህ ድምፅህን ታሰማለህ፤ «አይዞህ፣ መጣሁ» ትላለህ። ለኔ ይህን ያህል እንኳ አልደረሰኝም። ሳያይ የሚፈርመውን ሰው ለማስቀጣት እየሮጥኩ እኔው ሳላይ ፈረምኩ። ዛሬ ጠዋት ለጠበቃዋ ያቺን መስመር እንዳታቀርብ ጽፌላታለሁ። እስካሁን አላቀረበችውም፤ ያዳነን ያንተ እጅ አለመታዘዝ ነው። ይህንንም ማለት አለብኝ፤ ወድጄ አይደለም።

እናቴ ከጎረቤት የተመለሰችው ዕቃው መሬት ላይ እንደተዘረጋ ነው። ልሰበስብ ስል፣ «ተወው» አለችኝ። ጎንበስ ብላ ከጨርቁ ውስጥ ሁለት ጀሶ አነሣች፤ የላይኛውና የታችኛው ድድ ቅርጽ፣ ትንሿ ያኔ ለሦስት ሳምንት ስትመጣ ለክታ የወሰደችው።

«ይሄ የኔ አፍ ነው» አለች።

«አዎ።»

«እሷ ዘንድ ነበር እንዴ እስከ ዛሬ?»

«አዎ።»

ጀሶውን በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ምድጃውን አየች፤ ጠጋ ብላ በሩን ከፍታ ዘጋችው። «ይሄን የት ልታስቀምጠው ነበር?» አለች። ራሷው መለሰች፤ «ሳሎን አይሆንም። የኋላው ክፍል መስኮት አለው።»

ቀጥላም፣ «ልትቀር ነበር የመጣችው?» አለችኝ።

«እጠይቃለሁ» አልኳት።

«ማንን?»

ያንተን ስም ነገርኳት። «እሱ አይዋሽም» አለች፤ ሄዳ ተኛች።

እንግዲህ የምንደርስበትን አስቀድሜ ልጻፍልህ፣ ሳላውቅ መልስ ሰጠሁ እንዳትል። ትንሿ ጠቅልላ የመጣች ከሆነ አምስተኛው በር በራሳችን እጅ ይዘጋል። ‹ቤቷማ አገሯ ነው› ያልከው፣ እኔ ስድስት ወር የታገልኩት ቃል፣ ትክክል ይሆናል። ክሱን እዚህ ላስገባ ነው። ገበያው ጀርባ ያለው ጠበቃ ጥርሱን እየጎረጎረ ይቀበለኛል። «ይብረር» ብሎ የፈረመው ሰውዬ ማን እንደሆነ ሳላውቅ ልሞት እችላለሁ። ሕጉ የሞተችን ልጅ ‹ቤትሽ የት ነው?› ብሎ የሚጠይቃት ሊቀበላት ሳይሆን በር ሊዘጋባት ነው። ይሁን። ሚዛን ላይ ጣት አላሳርፍም። ነጋዴ ሲያደርገው ሱቁን አሽጌበታለሁ።

ልትመለስ ነበር የምትል ከሆነም ጻፍልኝ፤ ምድጃው እዚህ ምን እንደሚሠራ አስረዳኝና እዚያው እንቀጥላለን። ብቻ ከሁለቱ አንዱን ጻፍ። ዝም ብለህ ልታድነኝ አትሞክር።

‹አደራ› የሚል መልስ አልቀበልም። አደራው ከኔ እንድትደብቅ ከነበረ ዕቃዋ ራሱ ነግሮኛል፤ የቀረህ ማረጋገጥ ነው። የማስደነቅ አሳብ ኖሯት ከሆነም ደንቆኛል።

የምጠይቅህ ይኸው ነው። ትንሿ ወደ ቤቷ እየመጣች ነበር ወይ? መቼ ነገረችህ? ምን ብላ ነገረችህ? የቻልከውን ያህል በራሷ ቃል ጻፈው። ለጠበቃዋ አይደለም፤ ለኔ ነው፤ ለእናቴ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። የኋላውን ክፍል አስጠርጋለች፤ ምድጃው መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፣ ስፒናው ተሰክቷል።

እዚህ የመክሰሻው ጊዜ ሰኔ 11 ያበቃል። ስልክ አትደውል። በእጅህ ጽፈህ፣ ፈርመህበት፣ በፈጣን ፖስታ ላከው። እስከ ሰኔ 1 ድረስ መልስህን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

የአክስትህ ልጅ፣ ግራም